ባለ ሁለት እጀታው ቢላዋ

ከወንዙ ዳር ምሽግ፣ ቨርጂኒያ
ነሐሴ 9 ቀን 1610

ይድረስ ጥርስ ሳታወጣ መንከስ ለጀመረችው ለልጄ ልጅ ለቴምሰን፤ ቢድፎርድ፣ ከወደቡ በላይ ካለው ቤት።

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ሃምፍሪ ጢም አበቀለ ወይስ አሁንም ያው የድመት ጢም ነው? ትንሿ ልጅሽ ጆአን ዳዴ አለች? እኔ እንዴት እንደሆንኩ ወደ ታች ትደርሺበታለሽ። «ደህና ነኝ» የምትለዋን መስመር ግን ለዛሬ ዘልያታለሁ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ለገና ቤቱን ሸጠን፣ ሰፋሪ ከሚመለምለው ኩባንያ ጋር ተፈራርመን፣ በመጋቢት ወዳንተ እንሳፈራለን ትያለሽ። «አያቴ፣ ያንተን ደብዳቤ የኩባንያው ሰው ገበያ መሃል ቆሞ አነበበው፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም ኮራሁ» ብለሻል። አንቺ ኮራሽ፤ እኔ አፈርኩ።

ያ እኮ ቀልድ ነበር! ዓሣው ዘሎ መጥበሻ ውስጥ ይገባል፣ አጋዘኑ በር አንኳኩቶ «ዛሬ የማን ተራ ነው የሚበላኝ?» ይላል ያልኩትን የእኔ የልጅ ልጅ እንዴት ታምናለች? አንቺን ላስቅሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። እዚህ ደብዳቤ ሁሉ በኩባንያው ጸሐፊ እጅ ያልፋል፤ የአገር ቤቱን ሰው የሚያስፈራ ነገር የጻፈ ወረቀቱ ይቀደድበታል፣ ዳቦውም ይቀነስበታል። የእኔን ሲያነብ ግን ፈገግ አለና «አባባ አምብሮስ፣ እንደ እርስዎ የሚጽፍ የለንም» አለኝ። እኔም ሽማግሌው ጅል በሙገሳው ተነፋሁ።

አሁን እውነቱን ስሚ። ሐምሌ ሲገባ የወንዙ ውሃ ጨው ጨው ይላል። እሱን ጠጥተን አበጥን። መቶ ሃያ ነበርን፤ ዛሬ አርባ አንሞላም። አለቃችን የዚህ አገር ሰዎች ቁጥራችን ማነሱን እንዳያውቁ ብሎ ሥርዓት አወጣ፦ መቆም ያቃተው በሽተኛ ሁሉ በየጠዋቱ ከአጥሩ ጋር በገመድ ይታሰርና ጠመንጃ ያቅፋል። ከሩቅ ሲያዩት ወታደር ነው። እኔም በስተርጅና ወታደር ሆንኩልሽ! የወፍ ማስፈራሪያ ብትዪኝም አልቀየምሽም።

ማክሰኞ ዕለት ከጎኔ የታሰረው አናጢው ጋይልስ ነበር።

«ጋይልስ፣» አልኩት፣ «ጠመንጃውን ገልብጠኸዋል። ብትተኩስ የምትገድለው የገዛ አውራ ጣትህን ነው።»

ዝም።

«ሚስትህ እኮ ያንን ዳቦ ጋጋሪ ባገባሁ ኖሮ ትላለች አሉ።»

ዝም።

«ኧረ አንተ ሰው፣ በሞቴ፣ ስደበኝ እንኳ!»

ዝንብ መጥታ ዓይኑ ላይ አረፈች። አልጨፈነም። ለካስ ግማሽ ቀን ሙሉ ከሬሳ ጋር ስቀልድ ኖሬያለሁ።

አለቃውን ጠራሁት። «ጌታዬ፣ ጋይልስ ሞቷል።»

«እስኪመሽ ይቁም፤ ከሩቅ አይታወቅም» ብሎኝ ሄደ።

አይታወቅም! ወዲያው በቆሎ በብረት ድስት ሊለውጥ የሚመጣው የአገሩ ሰው ከጫካው ዳር ብቅ አለ። ቆሞ አየንና ጣቱን እየቀሰረ አንድ በአንድ ይቆጥረን ጀመር። ጋይልስ ጋ ሲደርስ ጣቱን አጥፎ ዘለለው። ወዲያ ማዶ ሌሎች ሁለት ዘለለ፤ እነሱም መሞታቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ እኔ ላይ ደረሰ። ቴምሰን፣ ጣቱ አየር ላይ ቆመ። አመነታ።

«አለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «አለሁ እንጂ!»

ሳቀና ቆጠረኝ።

እነሱን አንድ ቀንም አላታለልናቸውም። ያታለልነው ገበያ መሃል ያጨበጨባችሁትን እናንተን ነው፤ ለዚያውም በእኔ እጅ ጽሑፍ።

የሚያስፈራኝ ደግሞ ይህንንም አንብበሽ እንዳትስቂ ነው። «ሃምፍሪ፣ ና ስማ፣ አያቴ ዛሬ ደግሞ ሬሳ ያጫውታል!» ስትዪ ከዚህ ይሰማኛል። ጉድጓድ ውስጥ ጳጳስ ወድቋል ብዬ መንደሩን ሁሉ ገመድ ያስያዝኩ ሰው ነኝ፤ ማን ያምነኛል?

እንግዲያው ቃሌን ተዪውና የላክሁልሽን እዪ። መርከበኛው ጃስፐር ይህን ወረቀት ጸሐፊው ሳያየው ጫማው ውስጥ ደብቆ ያመጣልሻል። አብሮ በጨርቅ የተጠቀለለው የበርሜል እንጨት የምጠርብበት ባለ ሁለት እጀታው ቢላዋዬ ነው። በእኛ ሙያ በርሜል ሠሪ ቢላዋውን ለመጨረሻ ኑዛዜው ቄስ ሳይጠራ ከእጁ እንደማያወጣ ታውቂያለሽ። አባትሽ ለአንድ ቀን አውሰኝ ቢለኝ ወር ሙሉ አኩርፌዋለሁ፤ አንቺም በአምስት ዓመትሽ ነክተሽው የቀመስሽውን ኩርኩም አትረሺም። በግራው እጀታ ላይ አውራ ጣቴ ያጎደጎደው ቦታ አለ። ጣትሽን እዚያ አስገቢና እቀልድ እንደሆነ ፍረጂ።

አትፈርሙ። ቤቱን አትሽጡ። ሃምፍሪ ቢያኮርፍ ያኩርፍ፤ አለቃችን ለእሱም ገመድ አያጣም፣ ለጆአንም በቁመቷ ጠመንጃ አያጣም።

እግዚአብሔር ደጃፍሽን ያጽናልሽ። የጉድጓድሽን ውሃ ጣፋጭ ያድርግልሽ። ጆአን ጥርስ ስታወጣ ስለ እኔ ብላ አንድ ጊዜ ትንከስሽ።

ሰውየው ነገም ሊቆጥረን ይመጣል። ጮክ ብዬ «አለሁ» የምልበትን ትንፋሽ ከአሁኑ እያጠራቀምኩ ነው።

አያትሽ አምብሮስ፣
ቢላዋ የሌለው በርሜል ሠሪ