መሃል ሜዳችን ላይ ስለቆመው ሐውልት

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት፣

ጤናዎ እንደ ስብሰባዎችዎ የረዘመ፣ ወንበርዎም እንደ አዲሱ ሐውልታችን የጸና እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የድሮው በረኛ፣ የዛሬው የጂኦግራፊ መምህርና የእግር ኳስ ቡድናችን ያለ ሹመት አሠልጣኝ ነኝ። መልኬን ባያውቁት እንኳ ድምፄን ሳይሰሙት አይቀሩም፤ በልምምድ ሰዓት ከመስኮትዎ ሥር “ኧረ ኳሱን ልቀቀው!” እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ።

የቡድናችንን ታሪክ ለመዘከር ያሠሩልንን ሐውልት ከተጫዋቾቼ ጋር ቆመን አየነው። እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ነገር ግን ጥቂት ጉዳዮች ከንክነውኛል።

፩ኛ፦ ኮሚቴዎ ሐውልቱ ከየአቅጣጫው በሚታይ ቦታ እንዲቆም ብዙ ከመከረ በኋላ፣ ኳስ በሚጀመርበት ነጥብ ላይ፣ በመሃል ሜዳው ክብ ውስጥ ስላቆመው አድናቆቴ ወሰን የለውም። በእርግጥም ከየትም ይታያል። የግራ ክንፋችን ግን ዞር ሲል ሳያየው ቀርቶ ተላተመና ትከሻውን ይዞ ወጣ፤ ሐውልቱ ቢጫ ካርድ እንኳ አልተሰጠውም።

፪ኛ፦ ለሐውልቱ አጥር ብረት ሲያንስ የጎሎቻችን ቋሚዎች ተነቅለው ተወስደዋል። ኳስ እንዳይገባብኝ ዕድሜ ልኬን በአፈር ላይ ስንከባለል፣ ጎሉን ራሱን ማንሳት እንደሚቻል ሳይታየኝ መቅረቱ እስካሁን ያሳፍረኛል።

፫ኛ፦ ከግርጌው “በሜዳው ተሸንፎ የማያውቅ” ተብሎ ተጽፏል። ክቡርነትዎ፣ እኛ እኮ በሜዳችን ያሸነፍነው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የእንግዶቹ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ግማሾቹ በቀሩበት ቀን። ያን ዕለት የተማሪዎች ምግብ ቤት ዋና አብሳይ ሽርጣቸውን ፈተው ለእኛ ገብተው ጎሏን አገቡ፤ ከዚያም እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሜዳውን እሾሁን በእጃችን መንጥረን ያወጣነው እኛ ስለሆንን፣ ያቺን ቀን በሐሰት ሲሸፍኗት ያናድደኛል።

ወደ ዋናው ነገር ስመለስ፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለብን። ሜዳው ለጨዋታ ካልበቃ ቡድናችን ከውድድሩ ለዘለቄታው እንደሚሰረዝ ተነግሮናል። ሐውልቱን ወደ ዋናው በር ለመውሰድ፣ የጎሎቹንም ቋሚዎች ለመመለስ ልጆቼ ትከሻቸውን አዘጋጅተዋል፤ የጎደለው የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው። ጸሐፊዎ ግን በሄድኩ ቁጥር “የሐውልቱን ምርቃት ንግግር እየተለማመዱ ነው” እያሉ በትሕትና ይመልሱኛል። ንግግሩ ስለ ቡድናችን ብሩህ የወደፊት ጊዜ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ሐውልት በመዞር ወገባቸው በተቀጨ ተጫዋቾች ስም፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ጎል አልባው በረኛዎ

ሳልረሳው፦ ሐውልቱ ላይ የተመሠረትንበት ዓመት ተቀርጿል፤ ቀጥሎ መቃብር ላይ እንደሚደረገው ሰረዝ ተሰምሯል፤ ከሰረዙ ወዲያ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ምን ልጻፍበት ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እስከ ቅዳሜ መዶሻውን እንዳያነሳ ለምኜዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እርስዎን ይጠይቃል።