የእማዬ የኪኒን ሳጥን

ወንድም ጋሼ፣

ወደ ሌላ ከተማ ሊወስደኝ አዲሱ መሥሪያ ቤቴ የላከው መኪና በር ላይ ክላክስ እያደረገ ነው፤ በጽሑፌ እንዳትታዘበኝ።

ምሳህን አሙቀህ ብላ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ጠበቅ አድርገህ ዝጋው።
ጠዋት ሳትሰናበተኝ ወጣህ። አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው።

የእማዬን የኪኒን ሳጥን ግን ከእንግዲህ አትሙላው።

ከቀበርናት በኋላም እሁድ እሁድ ቫይታሚኗን ለየቀኑ ስትደረድር፣ ማታ ማታ የአሚኖ አሲዱን ዱቄት በጥብጠህ አልጋዋ አጠገብ ስታስቀምጥ አይሃለሁ። "ጉልበት ይሆናታል፣ እርጅናዋን ያቀልላታል" ስትል ኖረህ፣ አሁን ተው ልልህ አፌ እምቢ አለኝ። እንዳስቀመጥከው ብታገኘው ሆድህ እንዳይባባ ብዬ፣ ኪኒኑንም ዱቄቱንም እኔው ስወስድላት ከረምኩ። ዱቄቱ እንዴት ይመራል መሰለህ! እሷ እኮ አንድ ቀን መረረኝ ሳትል ነው የጠጣችልህ።

ባዶውን ሳጥን አንስተህ "ጎበዝ የኔ እናት" ስትል በበሩ በኩል ሰምቼሃለሁ።
ማን እንደሚወስደው ግን አንድም ቀን አልጠየቅከኝም።

እባክህ አትሙላው፣ ወንድሜ።
ከዛሬ ጀምሮ እንደሞላ ነው የምታገኘው።

እህትህ