አረሩ ያንተ አልነበረም

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣ ለማን ልንገር ብዬ ላንተው ጻፍኩ። ከተለየኸን መንፈቅህ ወጣ፣ የወጣው ግን በደም ነው። ፊደሉ ቢበላሽ አትሳቅብኝ፣ ከአምስተኛ ክፍል እንዳቋረጥኩ አንተም ታውቃለህ።

ጋሼ ታሪኩ ሦስት ጣታቸው ተቆረጠ። ወንድምህ አባዬ! የአያቴ አሮጌ ጠመንጃ፣ ውጅግራው፣ እጃቸው ላይ ፈነዳ፣ በመንፈቅህ ቀን፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ። ደሞ ሰው ሁሉ የፈነዳው የሟቹ ጥይት ነው አለ። እማዬም ጭምር። እኔ እኮ እስካሁን አላመንኩም፣ በር ሲንኳኳ ራሱ እዘላለሁ።

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ጓሮ ያለችውን የስራ ክፍልህን ለጫማ ሰፊ አከራየናት። ዕቃህን በእጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እርሳስ የምታቀልጥበትን ድስት፣ አረር የምታፈስባቸውን ማፍሰሻ ብረቶችህን፣ ለውጅግራው ያዘጋጀሃቸውን አረሮች ከነጣሳቸው። ጣሳዋን ቦታ አጥቼ ጣራው የሚያፈስበት ጥግ አስቀመጥኳት፣ ክረምቱን እዛው ከረመች።

ትዝ ይልሃል ስልኬን አብርቼ አፈሙዙ ውስጥ ስታይ? የዚህ ጠመንጃ ጉሮሮው ረጅም ነው አልከኝ። ጥይቱ ከሚቀመጥበት አፈሙዙ ውስጥ እስከተቀረጸው ጥምዝምዝ መስመር ድረስ ያለው ልሙጥ ቦታ ረጅም ነው፣ አጭር አረር ከገባ መስመሩን ሳይዝ በባዶው ይዘላል፣ ያጋድላል አልክ። አልገባኝም ስልህ ከሚሄድ ታክሲ እንደሚዘል ሰው በይው፣ እግሩ ሳይረግጥ ገላው ይቀድማል አልክ። ለዛ ነው ለሱ ለብቻው ረጅም አረር የምታፈስለት፣ ቂጡ ገና የጥይቱ ቀለህ ውስጥ ሆኖ ጫፉ መስመሩን እንዲነካ። አውራ ጣት ይመስላል ብዬ ስስቅብህ፣ የማን፣ ያንቺ ወይስ የኔ ብለህ አለካካኸን። እንዴት ስቀን ነበር።

የመንፈቅህ ዋዜማ ጋሼ ታሪኩ መጡ። የጠመንጃው ፈቃድ ወደሳቸው ዞሯል፣ አገር ቤት ወስጄ ለወንድሜ እተኩስለታለሁ አሉ። ጣሳዋን ሲከፍቱ አረሮችህ ነጭ ዱቄት ለብሰዋል።

«ይሄማ ሻግቷል!» አሉ።

«እርሳስ ይሻግታል እንዴ ጋሼ?»

«ዘንድሮ ያልሻገተ ምን አለ? ጫማዬም ሻግቷል። ወንድሜን በሻገተ ጥይት አላስበውም።»

ከዛ ያንተን አረሮች በሙሉ ድስቱ ውስጥ ጨመሯቸው። ከሰሉን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ። በወንድሜ እርሳስ ነው የምተኩሰው እያሉ እንባ ይተናነቃቸው ነበር፣ ለክፋት እንዳይመስልህ። የረጅሙ ማፍሰሻ ግን ዝገት ይዞት አልከፈት አለ። ትንሹን አነሱት፣ ለአንድ የሰላሌ ሽማግሌ ጠመንጃ ታፈስበት የነበረውን። ከሱ የወጣው አረር አጭር ነው፣ ደሞ ቀጠን ይላል፣ ግን ያብለጨልጫል፣ ሲያዩት ያምራል። ቀለሁ ላይ ላላ ሲልባቸው ወረቀት ጠቀለሉበት።

«ጋሼ፣ እሱ የሌላ ጠመንጃ ነው እኮ፣ ለዚህኛው አባዬ ረጅሙን ነው የሚያፈስለት፣ ጉሮሮው ረጅም ነው ብሏል» አልኳቸው።

«ጉሮሮ! ጠመንጃ ነው ወይስ መሪጌታ?» ብለው ሳቁብኝ። «ሂጂ ሽንኩርትሽን ክተፊ!»

እማዬ ደሞ ከወዲያ ሆና ለአጎትሽ መልስ አትስጪ አለችኝ። ሄጄ ከተፍኩ፣ ምን ላድርግ።

በነጋታው አገር ቤት፣ ጸሎቱ ካለቀ ሰዉ ከበላ በኋላ፣ ጋሼ ሜዳው ላይ ወጥተው ወደ ሰማይ ተኮሱ። ፍስስ አለ። ይኸው ነው፣ እንደ ጎማ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ አንዱ ጠመንጃውም ሐዘን ላይ ነው አለ። ጋሼ ፊታቸው ቀላ፣ ቶሎ ብለው ሌላ አጎረሱ። የመጀመሪያው አረር እኮ አልወጣም አባዬ! ጉሮሮው ውስጥ አጋድሎ ተቀርቅሯል። ጋሼ ይቆዩ፣ ይቆዩ እያልኩ ስሮጥ ነጠላዬ ወደቀ፣ እሱን ረግጬ ሳልፍ ጠመንጃው ጮኸ። የጠመንጃ ድምፅ አልነበረም፣ ቆርቆሮ ሲቀደድ ነው። ጭሱ ሲገለጥ ጋሼ ግራ እጃቸውን ያያሉ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው። አልጮሁም። የጮህኩት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሚስታቸው እትዬ አልማዝ ደረታቸውን እየደቁ «ያ እርሳስ አቅላጭ ከመቃብር ሆኖ ባሌን በላው!» አሉ። ዘመድ ሁሉ እሳቸው ያሉትን አለ። ለሙት ዓመትህ ማንም እንዳይመጣ ተባባሉ። ጋሼ በመድኃኒት ደንዝዘው ተኝተዋል፣ ማን ይናገርልህ? እማዬ እሺ አለች። ምን ትበል፣ አቅልጠው ሲያፈሱ ወጥ ላይ ነበረች፣ የቱ አረር የማን እንደሆነ አታውቅም። እኔ ስነግራት አጎትሽ ላይ አታላክኪ ትለኝ ነበር። ጠዋት ስትጸልይ የሞቱትን በሙሉ በስም ትጠራና አንተ ጋ ስትደርስ ትዘልህ ነበር። ይሄ ነው ያመመኝ። ከፍንዳታው ይልቅ ይሄ።

ትናንት ጋሼ ነቃ ብለዋል ሲሉኝ እማዬን ይዣት ሄድኩ። ከጣሳዋ ስር ተጣብቆ የቀረ አንድ ረጅም አረር አግኝቼ ነበር፣ ላሳያቸው አስቤ፣ በር ላይ ይፈትሻሉ፣ ጥይት ይዛ ገባች ብለው ያስሩኛል ብዬ ፈራሁና ጥዬው ሄድኩ። ባዶ እጄን። አልጋው ዙሪያ ዘመድ ሞልቷል። ግን ቃሉ ወጣልኝ።

«ጋሼ፣ የተኮሱት አባዬ ያፈሰሰውን ነው?»

እትዬ አልማዝ «አንቺ! ታማሚ ላይ ትጮሂያለሽ? አባትሽ ያደረገን አነሰ?» ብለው ሊያስወጡኝ ክንዴን ያዙኝ።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተኙ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ከዛ ሳይገልጡ፣ ቀስ ብለው፣ «ልቀቂያት። ወንድሜ ተሾመ የሰራውን አቅልጬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጅቷ ነግራኝ ነበር። ሳቅኩባት።»

እትዬ አልማዝ ክንዴን መልቀቅ ረስተውት ነበር። ጋሼ ወደ እማዬ ዞር ብለው «ሙት ዓመቱን እኔ ቤት ነው የምናወጣው፣ እንዳትቀሩ» አሏት። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንዲት የማታውቃት ሴትዮ እማዬን አይዞሽ ምን ሆነሽ ነው ስትላት «ባሌ ተሾመ» ብላ ጀመረች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ 18 ማዞሪያ እስክንወርድ ስላንተ አወራች። እኔ በመስኮት በኩል ዞሬ አለቀስኩ።

አሁንም እፈራለሁ አባዬ። የጠመንጃውን ስብርባሪ ፖሊስ ወስዶታል፣ ቃልሽን ስጪ ብለው ጠርተውኛል፣ ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ አላውቅም። ግን እሄዳለሁ። ላስታውስህ ስል ፎቶህን አቅፌ ማልቀስ ብቻ እንዳይመስልህ። ስምህን በክፉ ያነሳ ሰው ካለ፣ ድምፄ ቢንቀጠቀጥም፣ ዝም ብዬ ሽንኩርት አልከትፍም።

ልጅህ ሚሚ