ከግራው ሞተር የተገኘው ብናኝ

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጀርባሽን ተሻለሽ ወይ? እማዬ ስልክ ደውላ፣ እህል አልቀምስ፣ መጋረጃውንም አልገልጥ እንዳልሽ ነግራኛለች። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ሌላው ግን ደህና አይደለም፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። ፊት ለፊት ብነግርሽ ገና ሳልጀምር ተዪው እቴቴ ብለሽ አንገቴ ላይ ትጠመጠሚና ዝም ታሰኚኛለሽ።

ሰኞ የበረራ ፈቃድሽን ልትመልሺ እንደሆነ ሰማሁ። እንዳትመልሺ። ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ ከዚያ ብትፈልጊ ስሜን አትጥሪ።

ቀንቼብሽ አላውቅም ብልሽ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። የበረራ ትምህርት ቤቱን የማመልከቻ ቅጽ ለሁለታችንም የሞላሁት እኔ ነበርኩ። አንቺ አለፍሽ፤ እኔ አንድ ዓይኗ ርቀት አይለይም ተብዬ ወደቅሁ። ምን ችግር አለው፣ አብረን እንሠራለን አልሽኝ። አብረንም ሠራን፤ አንቺ ከላይ፣ እኔ ከሥር፣ እስከ ክርኔ በቅባት ተነክሬ። በዚያች ትንሽ ሄሊኮፕተር በሽተኛ ስታመላልሺ፣ የመብራት መስመር ስትፈትሺ፣ ጫካ ውስጥ የጠፋ ሰው ስትፈልጊ፣ ሰው ሁሉ የሚያነሳው አንቺን ነው። ሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ እንድታርፍ የተፈቀደላት ሁለት ሞተር ስላላት ነው፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ትመለሳለች። ሁለቱንም በየማለዳው የምዳብሳቸው ግን እኔ ነኝ፤ እኔን ማን ያነሳል?

ይህንንም ችዬው ነበር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ግን አባዬ ሥራ ቦታችን መጣ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ አንድ ቀን ደጃፉን ረግጦት አያውቅም። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ። እኔም ሞኟ እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጥቤ ቱታዬን ቀየርኩ። እሱ አንቺን ከሄሊኮፕተሯ በር አጠገብ አቁሞ ትከሻሽን አቀፈና ስልኩን ዘረጋልኝ። እስቲ እኔንና ልጄን አንሺን አለኝ። ልጄን! ጅራቷም እንድትገባ ወደ ኋላ ሂጂ አለኝ፤ ሄድኩ። እቴቴም ትምጣ እንጂ ስትዪው ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን ስልኩን ተቀብሎኝ ኪሱ ከትቶት ነበር። 

በማግስቱ ከብረት ምሰሶ ላይ መውረድ ያቃተውን የመብራት ሠራተኛ በገመድ አውርደሽ መጣሽ። ነፋሱ ሲገፋሽ ከግራው ሞተር ከልኩ በላይ ኃይል እንዳወጣሽ፣ ምናልባትም ለስምንት ሰከንድ፣ ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ነገርሽኝ። ምናለ ለሌላ ሰው ነግረሽው ቢሆን!

የሞተሩ ዘይት ውስጥ ያለውን ባለማግኔት ቡሎን ታውቂዋለሽ። የተበላ ብረት ካለ ብናኙ እሱ ላይ ይለጠፋል፤ ብናኝ ከታየ ደግሞ በረራ የለም። በነጋታው ማለዳ ስፈታው ምንም አልነበረበትም። ጠረጴዛዬ ላይ ሞረድና አንድ አሮጌ ቁልፍ ነበሩ። ቁልፉን ሞረድኩት። ብናኙን ቡሎኑ ላይ ነሰነስኩና አለቃችንን ጠርቼ አሳየሁት፤ መዝገቡ ላይም ፈረምኩ።

አንድ ቀን መሬት ላይ እንድትውዪ ብቻ ነበር ሐሳቤ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ እኔን ከቦ ምን አገኘሽ እንዲለኝ። አሉኝም፤ ምን ልደብቅሽ፣ ደስ አለኝ። ያን ዕለት ምጥ የጠናባት ሴት በመኪና አምስት ሰዓት ተንገላታ ሆስፒታል ደረሰች። እሷም ልጇም ተርፈዋል፤ በእኔ ግን አይደለም።

ከዚያ አንቺ አለቃችን ዘንድ ሄደሽ ጥፋቱ የኔ ነው አልሽ። ማን ጠየቀሽ? ሞተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ሰው ጭኜ ልጨርስ ነበር እያልሽ ስታለቅሺ ከበሩ ውጪ ቆሜ ሰማሁ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚህ የባሰም አለ። የሞተሩን የበረራ መዝገብ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ፤ በዚያው ቀን አንብቤዋለሁ። ስምንት ሳይሆን ስድስት ሰከንድ ነው፤ ለዚያ ኃይል ከተፈቀደው ጊዜ አያልፍም። ሞተሩን ምንም አላደረግሽውም። ይህን እያወቅሁ አሥር ቀን አስለቀስኩሽ።

ትናንት ሁሉንም ጽፌ ከሥራ ፈቃዴ ጋር ለአለቃችን ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበውና የሥራ ቦታውን ቁልፎች አስቀምጪ አለኝ። ከእንግዲህ ሞተርሽን የሚያየው ረጅሙ መካኒክ ነው። ወሬ ያበዛል፣ ሥራው ግን ጥሩ ነው፤ አታጣድፊው። የኋላውን በር ማጠፊያ ቅባት መቀባት ይረሳል፤ ቃሬዛ ስታስገቡ እንዳይዝባችሁ አስታውሺው። ለአባዬ ራሴ እነግረዋለሁ፤ አንቺ ከነገርሽው አለሳልሰሽ ነው የምትነግሪው።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ ደግሞ አልዋሽሽም። ሄሊኮፕተሯ ማክሰኞ ወደ በረራ ትመለሳለች ተብሏል፤ ስትነሺ የሞተሩን ድምፅ ከቤቴ ሆኜ እሰማለሁ፤ እቀናለሁም። ተነሺ ብቻ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ስንት ጊዜ ነይ ወደ ሰማይ ላውጣሽ ብለሽኛል፤ እኔም ሁሌ ሥራ አለብኝ እልሽ ነበር። ሥራ አልነበረብኝም። ከአንቺ ኋላ መቀመጥ አልዋጥልኝ ብሎ ነው። ዛሬ ብትጠይቂኝ እሺ እል ነበር፤ አሁን ግን ከሥራ ቦታችን አጥር እንዳልገባ ተከልክያለሁ።

የምታርፊበትን ሁሉ ፈጣሪ ደልዳላ ያድርግልሽ። የጫንሽውን በሰላም ያድርስልሽ፣ አንቺንም ለእማዬ ይመልስላት።

ታላቅ እህትሽ