ከፋሲካ በኋላ እነግርሻለሁ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 10/2017። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ከሥራ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ሰንሻይን ሰፈር ባለው መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ካርቶን ሳሽግ ዋልኩ። ሻወር ወሰድኩ፤ እንደ ልማዴ በሩን ቆልፌ፣ መስታወቱ ላይ ፎጣ ጥዬ።

ሕማማት ገባ። እሰይ! ኃጢአት ይሁንብኝና ደስ ብሎኛል። በሕማማት መሳሳም የለም፣ መጨባበጥ የለም። እስከ ፋሲካ ማንም ደረቴ ላይ አይለጠፍም። ቤ/ክ ስሄድ ቦርሳ አቅፌ መቆም ቀረልኝ።

ላንተ አልዋሽም፣ ደብተር። ለሌላው ሁሉ ዋሽቻለሁ። ባለፈው ኦገስት በካንሰር ምክንያት ግራ ጡቴ ሲቆረጥ፣ ለቤ/ክ ሰዎች የሐሞት ጠጠር ነው አልኩ። ፀጉሬ ስላልረገፈ ማንም አልጠረጠረም። የሚያውቁት ባሌ ጌታሁንና ልጄ መክሊት ብቻ ናቸው።

ዛሬ ነርሷ ደወለች። ወረፋዬ ደርሷል። ከሆዴ ሥጋ ወስደው ጡት ሊሠሩልኝ ይችላሉ። ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ኦፕራሲዮን፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት ዕቃ ማንሳት የለም። አዎ ወይ አይ፣ እስከ ሐሙስ 20። ከፋሲካ በኋላ እነግርሻለሁ አልኳት።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 12።

ሁለቱንም ጠየቅኩ። መክሊት ከስልኳ ቀና ሳትል የራስሽ ቦዲ ነው፣ የራስሽ ቾይስ አለችኝ፣ በእንግሊዝኛዋ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ምን ትበል። ጌታሁን የታክሲውን ቁልፍ እያሽከረከረ፣ ደስ ያለሽን አድርጊ፣ ለኔ ምንም አይደለም አለ።

ምንም አይደለም! ምኑ? ጡቱ ነው ወይስ እኔ? ከሆ/ል ከወጣሁ ጀምሮ ልብስ ስቀይር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ተናደድኩ። ሽሮውን አሳረርኩት።

ደግሞ እኔስ? አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሞት ያተረፈኝን አምላክ አሁን ደግሞ ጡት አምጣ ልለው ነው? ይታዘበኛል። ግን…

ዓርብ፣ ስቅለት። ከምሽቱ 1 ሰዓት።

ጉድ ሆኛለሁ!

ነርሷ የሰጠችኝን የሲሊኮን ጡት አድርጌ ቤ/ክ ሄድኩ። ካዥዋሏ ነው የምላት፣ መጋዘኑ እኔን እንደሚጠራኝ። እንደኔ ናት፤ ጠዋት ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች፣ ቋሚ አይደለችም። ለስግደት እንደማትሆን እንዴት አላሰብኩም? ብድግ፣ ድፍት። ብድግ፣ ድፍት። ላብ በላብ ሆንኩ። መቶ ገደማ ስደርስ፣ ግንባሬን መሬት ሳስነካ፣ በአንገቴ ሾልካ ወጥታ ምንጣፉ ላይ ዱብ። ከጡቴ ጋር ተፋጠጥን።

ከጎኔ እትዬ አስናቀች ነበሩ። ሰባ ያለፋቸው፣ በሱዳን በኩል የመጡ፣ የቤ/ክኑን መጋረጃ ሁሉ የሚሰፉት። እኔ ስደርቅ እሳቸው ነጠላቸውን ጣል አደረጉባት። በሚቀጥለው ስግደት ከነነጠላው አነሱና ጉያዬ ውስጥ ሸጎጡልኝ። ኪርያላይሶን ማለታቸውን እንኳ አላቋረጡም።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አሁን ይወራል። አለቀልኝ።

እሑድ፣ ፋሲካ። ከሰዓት በኋላ።

አልተወራም። የቤ/ክኑ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ እንኳን አደረሰሽ እየተባባለ ይሳሳማል። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ ጥግ ይዣለሁ። ዶሮ ወጥ ሲዞር እኔን ዘለሉኝ። ለሐሞቷ ቅባት አይስማማትም ብለው አትክልት አመጡልኝ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ! ለውሸታም ሲያንሳት ነው።

እትዬ አስናቀች ከሳህናቸው የዶሮ እግር አንስተው እኔ ሳህን ላይ ጣል። ለሐሞትሽ ፍቱን ነው አሉ፣ ጮክ ብለው። ቀጥለው ቦርሳዬን ከእጄ ነጥቀው ወንበር ላይ አኖሩና ጥብቅ አድርገው አቅፈው ሳሙኝ። ደረት ለደረት። ከዚያ በጆሮዬ፣ ማክሰኞ ቀሚስሽን አዘጋጂ፣ እመጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 18።

መጡ። ከኬንሲንግተን እኔ ቤት፣ ሜድስቶን ድረስ በባቡርና በባስ፣ መርፌና ክራቸውን በፌስታል ይዘው። ምን ሆነሽ ነው አላሉም። ለሀበሻ ቀሚሴና ለሁለት የጡት መያዣዎቼ ከውስጥ በኩል ኪስ ሰፉልኝ። ሲለኩ እጃቸውን ጠባሳዬ ላይ አደረጉ። ከሐኪምና ከነርስ በቀር የማንም እጅ አርፎበት አያውቅም። ያምሻል ወይ አሉ። አያመኝም አልኩ። ታዲያ ምን ያጎብጥሻል?

ካዥዋሏን ኪሷ ውስጥ ከተትናት። ለሙከራ ብለው ሳሎን ውስጥ አሥር ጊዜ አሰገዱኝ። ንቅንቅ የለም! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሲሄዱ ፎጣውን ከመስታወቱ አነሳሁ። ግራና ቀኜ እኩል። ማንም አያውቅብኝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀሚሱን አወለቅኩ፤ ጡቴም አብራ ወለቀች። ያኔ ነው ከልቤ ያለቀስኩት። ለሰው ዓይን ቢሆን ኖሮ ኪሱ ይበቃኝ ነበር። አልበቃኝም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 20። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።

ደወልኩ። በመክሊት አስተርጓሚነት አይደለም፣ በራሴ አፍ፣ በስብርባሪ እንግሊዝኛዬ። አዎ አልኩ።

ነርሷ ኦፕራሲዮኑ ላይሳካም እንደሚችል ደግማ ነገረችኝ። ገብቶኛል አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ። እንደገና ቢላ። እፈራለሁ፣ ደብተር፣ በጣም እፈራለሁ። ስድስት ሳምንት ስቀር ሺፍቴን ለሌላ ይሰጡታል። ይስጡት።

ጌታሁን ገና አልሰማም። ታክሲውን ደጅ ሲያቆም ይሰማኛል። ዛሬ ምንም አይደለም ቢለኝ አልቀበለውም። አይቶ ይንገረኝ።

ሻወር ልገባ ነው። በሩን አልቆልፍም።