የልብስ ሰፊዋ ወተት

ጥር 6
የልጅ ልጄን ጨርቆች አጥቤ አሰጣሁ። ደመና ነው፤ አይደርቅም።
ልብስ ሰፊዋ ዛሬም መጣች፣ ጡጦውን በፎጣ ጠቅልላ። ልጄ መድኃኒቷን እስክትጨርስ ማጥባት ተከልክላለች። ልብስ ሰፊዋን፣ ደሟን አስመርምራ ያመጣችልን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ጡት ጥሏል፤ ወተቷ ግን አልቆመም።
ሰጥታ አትሄድም እኮ! ከልጄ ጋር አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ይሳሳቃሉ። ስገባ ዝም አሉ። ምን ይሆን የሚያስቃቸው?
በልቤ "ላሚቱ" ብያታለሁ።

ጥር 9
የዱቄት ወተት የሚያስታውከው ልጅ የሷን ግጥም አድርጎ ጠጣ። ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ድምጿን ሲሰማ ግን ጡጦውን ትቶ ወደሷ ዞረ። ከእኔ እቅፍ!
"የሰው ወርቅ አያደምቅ" አልኩ፣ ለራሴ መስሎኝ።
ልጄ ሰማች። "ወተቱ ግን ያጠግባል፣ እማዬ።"
ሁለቱም ሳቁብኝ።
ፊደል በስተርጅና የቆጠርኩት ለዚህ ነው? ቅናቴን ለመጻፍ?

ጥር 12
በር ላይ ተቀበልኳት። "ተኝተዋል" አልኩ።
"ሁለቱም?"
"ሁለቱም።"
ልጁ ከውስጥ አለቀሰ። ሰማችው። "እንግዲህ ደህና ይዋሉ፣ እትዬ" ብላ ጡጦውን ሰጥታኝ ሄደች።
ደስ አለኝ... ቤቴ ቤቴን ሸተተኝ።

ጥር 13
"ተኝተዋል" አልኳት።

ጥር 17
ዛሬም። ልጄ፣ "ምን አደረግናት? ለምን አትገባም?" አለች።
"ሥራ በዝቶባታል።"

ጥር 20
ጡጦው ግማሽ እንኳ አልሞላም።
"ይኼ ምንድነው? ሰሰትሽ እንዴ?"
አንገቷን ደፋች። "በእጄ ሳልበው እምቢ አለኝ፣ እትዬ። ልጁን አይቼው ስመለስ ነበር የሚወርድልኝ።"
ሰበብ... ከበሩ ላይ አልተነሳሁላትም።

ጥር 22
ነርሷ ልጁን መዘነችው። ቀንሷል።
ልጄ፣ "ጠልታን ነው" ብላ ተንሰቀሰቀች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።
"ልብስ ሰፊዋ ልጁን ትቀፈው፣ ራሱ ይጥባት" አለች ነርሷ። "አለዚያ ወተቷ ይደርቃል።"
ይጥባት! በእኔ ፊት!
"የዱቄቱስ?" አልኳት።
"ያስታውከዋል አላሉኝም፣ እማማ?"

ጥር 23
ልጁን ታቅፌ ልብስ መስፊያ ሱቋ ሄድኩ። ደንበኛ ይዛለች። ስታየኝ ማሽኑን አቆመች።
"ተኝተው አልነበረም" አልኳት።
"አውቃለሁ፣ እትዬ። ሲያለቅስ ሰምቼው የለ?"
"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"
"ቤቱ የእርስዎ ነዋ።"
ልጁን ከእቅፌ አውጥቼ ሰጠኋት። ደንበኛዋን "ነገ ነይ" ብዬ አስወጣሁ። በሰው ሱቅ!
መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ልጁ ተነጫነጨ። ከዚያ መዋጥ ጀመረ፤ ጉሮሮው ይሰማል። ዓይኑን ከፊቷ ላይ አልነቀለም። እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ቀናሁ። ይህን ስጽፍም እየቀናሁ ነው።
ክንዷ ሲዝል አየሁ። ከጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ሰብስቤ፣ አጥፌ፣ ከክርኗ ሥር አደረግኩላት።