የእናትሽ ሱቅ ነገር

ከሚሴ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣ ከእናቴ ልጅ ለማልለይሽ እህቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከተለያየን ጀምሮ ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉልሽ ወይ? ባለቤትሽ ከወደቡ ሥራ ጋር፣ አንቺም ከአሰብ ሙቀት ጋር እንዴት ሆናችሁ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለት እንኳ ለደብዳቤ መክፈቻ ነው፤ እውነቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

እስከ ዛሬ በእኔ እጅ ጽሕፈት የደረሰሽ ደብዳቤ ሁሉ የእናትሽ ነበር። እሷ እየነገረችኝ እኔ እጽፋለሁ፤ የአንቺ መልስ ሲመጣ ደግሞ አነብላታለሁ። «ጸሐፊዋም ሰላም ብላሻለች» የምትለዋ የመጨረሻ መስመር ብቻ ነበረች የራሴ። ይኼኛው ግን ከላይ እስከ ታች የእኔ ነው። ታገሺኝ እንግዲህ። ወሬ ከጀመርኩ መቋጫው እንደሚጠፋኝ ታውቂያለሽ።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ተደርድረው የነበሩት የቆርቆሮ ሱቆች ፈርሰዋል። የልብስ ሰፊው የኑርሁሴን ቤት፣ የበርበሬ ነጋዴዎቹ፣ የእናትሽ የሰሌንና የገመድ ሱቅ፣ አሥራ አንዱም አሁን የሉም። በቦታቸው ረጅም የድንጋይ ቤት ተሠርቷል። ግማሹ የኅብረት ሱቅ ሆነ፤ የቀረው ተከፋፍሎ ለቀድሞዎቹ ባለሱቆች ይሰጣል ተባለ። እኔ እዚያው ኅብረት ሱቅ የሽያጭ ኃላፊ ነኝ። ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ከእናትሽ ሱቅ ገመድ ሰርቃ ስትዘል የተያዘችው ልጅ ዛሬ የስኳር ሚዛን ጠባቂ ሆናለች።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ዓመት ተኩል፣ በጥቅምት ነው። ቀበሌው ሰበሰበንና ከላይ የመጣ አንድ ካድሬ አዲሱ ቤት ሲሠራ ሃያ የሰፈራችን ልጆች በወር ሃምሳ ሃምሳ ብር እንደሚቀጠሩ ነገረን። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ያኔ ኑርሁሴን ተነሳ። ያ ጀመዓ ብሎ ሲጀምር ካድሬው ጓዶች በል አለው፤ እሱም እሺ፣ ጓዶች ያ ጀመዓ ብሎ ቀጠለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ኑርሁሴን ግን ቀልድ አልነበረበትም። ደመወዝ አልጠላም አለ፤ ነገር ግን ደመወዝተኛ ልጅ አለቃው የተቆጣ ዕለት ባዶ እጁን ይቀራል፣ ዛሬ ሥራ ያጣ ልጅ የእናቱ ሱቅ አለው፣ ሰሌንም ቢሆን ሸጦ ያድራል፣ እናንተ የምታፈርሱት ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም ነው አለ።

ካድሬውም አፍ የሌለው ሰው አልነበረም። እስከ መቼ ነው በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር የምትነግዱት፣ ሱቅ የሌላት እናት ልጅስ የት ትግባ ብሎ ጠየቀ። ይህች የመጨረሻዋ ሄዳ ልቤ ላይ ነው ያረፈችው። እናቴን ስምንት ዓመቴ ላይ ነው ያጣኋት። ኑርሁሴን የእናቱ ሱቅ ባለ ቁጥር የሌለኝን ነገር የሚቆጥርብኝ መሰለኝ። ተነስቼ ሴት ልጅ የራሷ ደመወዝ ካላት የማንንም ፊት አታይም ብዬ ተናገርኩ። እናትሽ ከኋላ ተቀምጣ እንዲህ ነው እንጂ አለች፤ በንግግሬ ኮርታ ነበር። የራሷ ሱቅ እንደሚፈርስ ረስታው አይመስለኝም።

ቦታው የሚደለደለው በስልሳ ስምንቱ የቤትና የሱቅ ምዝገባ ነው ተባለ። ያንን መዝገብ ማን እንደጻፈው ታውቂያለሽ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ፣ ከሌላ አገር የመጣውን መዝጋቢ ተከትዬ ቤት ለቤት ስዞር የከረምኩት እኔ ነኝ።

እናትሽ ሱቅ በደረስን ጊዜ አንቺ ገና አሰብ መግባትሽ ነበር። ሱቁ በሟች አባትሽ ስም ስለሆነ ሰውዬው የባልሽ ስም ማነው አላት። እያፈረች ሙሄ አለች። የሙሄ አባትስ ሲላት ዝም። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም እንደማትጠራ ለአንቺ አልነግርሽም፤ እሷ ደግሞ ከሁሉም ትብስ ነበር። የነቢያትን ታሪክ ስታጫውተን እንኳ፣ አያትሽ አደም ስለሚባሉ፣ ነቢዩን አደምን የሰው ሁሉ አባት ብላ ነበር የምታልፋቸው። ሰውዬው እኛ እንደማንጠራው የት ያውቃል? ቶሎ በይ እንጂ ሴትዮ ሲላት በሙሽርነቷ ለአማቷ ያወጣችላቸውን ስም ተናገረች፤ አባጋዝ አለችው። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ሙሄ አባጋዝ ብዬ ጻፍኩ። ትክክል እንዳልሆነ አውቄ ነው የጻፍኩት። ትልቅ ሴት በባዕድ ወንድ ፊት እንዳትጨነቅ ብዬ ነበር፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ወደ ቀጣዩ ቤት አለፍኩ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ኮሚቴው ሲቀመጥ የድሮው የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ሙሄ አደም ይላል፣ መዝገቡ ሙሄ አባጋዝ። ካድሬው ሁለት ሰው ናቸው አለ። በዚያው ሰሞን ሁለት ሰዎች የሌላ ሰው ሱቅ በጩኸተኛ ምስክር የእኔ ነው ሲሉ ተይዘው ስለነበር፣ የአዳራሹ ሰው አደም ነው፣ አደም ነው እያለ ቢጮህም አልሰማም አለ። ባለጉዳይዋ በአፏ ትናገር፣ ከዚያ ጸሐፊዋ ታረጋግጥ ብሎ ወሰነ። ወይዘሮ ዓዲላ፣ የባልሽ አባት ማን ይባላል ተባለች። ሻሿን አፏ ላይ ስባ ቆየችና ምንም ሳትናገር ወጥታ ሄደች። ሌላ ሳምንት ተቀጠረላት።

በዚያ ሳምንት የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። አላስፈራራኝም፣ ልዋሽብሽ አልፈልግም፤ እንደ ወንድም ነው የመከረኝ። የሽያጭ ኃላፊነቱ በአንቺና በአንድ የሌላ ቀበሌ ልጅ መካከል ነው አለኝ። የመንግሥት መዝገብ ላይ እያወቀች ሐሰት ጽፋለች የተባለች ሴት ግን ቁልፍ አትረከብም፣ ሚዛንም አትይዝም፣ እንግዲህ የምትናገሪውን አስቢበት አለኝ። አሰብኩበት። ሰባት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በቀጠሮው ቀን እናትሽ ታጥባ፣ የዒድ ልብሷን ለብሳ መጣች። ያው ጥያቄ ተጠየቀች። አደም፣ አደም ይባላሉ አለች። አርባ ዓመት ከአፏ ያልወጣውን ስም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠራችው። የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ቀጥላ አውፍ ይበሉኝ አለች፤ ካድሬው እሱን ይቅርታ የለመነችው መስሎት ግድ የለም አላት። ለእሱ አልነበረም፤ ለሟቹ አማቷ ነው።

ከዚያ ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ ያኔ ስትጽፊ ስሙን እንዳልጠራች ታውቂ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ አውቅ ነበር ብል ይበቃ ነበር። እሷም በእርግጠኝነት ነበር የምታየኝ፤ እንደማልከዳት አልተጠራጠረችም።

አላስታውስም አልኩ።

ጸሐፊዋ ካላረጋገጠች መዝገቡ እንደተጻፈ ይጸናል ተባለ፤ ሱቁ በዚህ ሄደ። ለእሷ የታሰበችው ስድስተኛዋ ክፍል የኅብረት ሱቁ መጋዘን ሆነች፤ የሳሙናውን ካርቶን የምደረድረው እዚያ ነው። ኑርሁሴን ደሴ ድረስ ይግባኝ እንበል ብሎ ብዙ ለመናት። እሷ አንዴ ጠራኋቸው፣ ለሱቅ ብዬ ሁለተኛ አልጠራቸውም ብላ እንቢ አለች። ከዚያ ወዲህ ሰሌኗን አስጭና ጨፋ ሮቢት ገበያ መሬት ላይ ዘርግታ ስትሸጥ ከረመች፤ ጉልበቷ ግን አልቻለላትም።

ከስብሰባው በማግስቱ ቤቴ መጣች። እንግዲህ ረገመችኝ ብዬ በሩ ላይ ደርቄ ቆምኩ። እሷ ግን አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ አለችኝ። ልጅ ነበርሽ፣ ስንቱን ቤት ጽፈሽ የእኔን ለይተሽ እንዴት ታስታውሺ፣ ሰው አይደለሽ፣ ትረሻለሽ አለችኝ። ከባቲ ያመጣችውን አዲስ ሰሌን ዘርግታልኝ፣ ዱዓ አድርጋልኝ ሄደች። ምነው በረገመችኝ ኖሮ። እርግማን ቢሆን ተከራክሬ እመልስ ነበር።

ሱቁን ደክሞኝ ተውኩት ብላ ለአንቺ ያስጻፈችኝን ደብዳቤ ታስታውሺያለሽ? ውሸት ነው፤ ለእኔ ብላ የዋሸችው። ጸሐፊዋ ረሳች ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ልጄ ትቀየምሻለች፣ እናንተ ደግሞ እህትማማቾች ናችሁ አለችኝ። እኔም በገዛ እጄ፣ ያው ያምራል በተባለው ጽሕፈት፣ ደክሞኝ ተውኩት ብዬ ጻፍኩልሽ። መጨረሻ ላይም ጸሐፊዋ ሰላም ብላሻለች አልኩ።

አሁን ደመወዜ ሰባ አምስት ብር ነው። ሐቁን ልንገርሽ ካልኩ ሁሉንም ልንገርሽ፤ ቤቱ አያፈስም። አብረውኝ ከሚሠሩት የሰፈር ልጆች ሰሊማ የምትባለው በደመወዟ ሁለት ታናናሾቿን ታስተምራለች፤ እናቷ ሱቅ ኖሯት አያውቅም። ካድሬው ሁሉንም አልዋሸም። ኑርሁሴንም አልተሳሳተም፤ ሃያ የተባሉት ተቀጣሪዎች ሰባት ሆነው ቀሩ፣ ከሰባቱም ሁለቱ ተባረው ዛሬ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው ይውላሉ። ማን ልክ እንደነበር ሰው አሁንም ይከራከራል። እኔ ፊት ግን አይከራከርም፤ ስገባ ዝም ይላሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ይኸው ዝምታ ነው። ሰው ተሰልፎ ይመጣል፣ ኩፖኑን ይሰጠኛል፣ ስኳሩን ይዞ ይሄዳል። እናትሽ ዘንድ ለአንድ ገመድ የመጣ ሰው ፈያ ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆቹ ፈያ ናቸው፣ ከብቱ ፈያ ነው ሲባባል ጥላው ይዞር ነበር። እኔን ፈያ ነሽ የሚለኝ የለም። አንድ ኑርሁሴን ብቻ፣ ቀሚስ ላሰፋ ስሄድ፣ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ ማስታወስሽ ተሻለሽ ወይ ይለኛል። እሱ አልተታለለም። ሰው ሁሉ እንደ እሱ ቢያሽሟጥጠኝ በወደድኩ፤ እሱ እንኳ ያናግረኛል። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ነው። ትዳር ሊጠይቁኝ የመጡ ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹ ከእናትሽ ጋር ይምከሩ ብዬ ልልካቸው እያፈርኩ ሁሉንም መለስኳቸው። ከእሷ ሌላ ማን አለኝና ወደ ማን ልላካቸው?

በየሳምንቱ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ለአንቺ የምትልከውን ልታስጽፈኝ ስትመጣ፣ ከፊቴ ቁጭ ስትል፣ አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ እሷ በይ ጻፊ ትለኛለች፤ እጽፋለሁ።

አሁን ግን ጊዜው አልቋል። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ጉልበቷ እንቢ ሲላት አሰብ ሄዳ ከአንቺ ጋር ለመኖር ቆርጣለች፤ ድንገት ላስደስታት ብላ እንዳልጽፍልሽ ከልክላኛለች። ይህን ስታነቢ እናትሽ አጠገብሽ ናት። ዛሬ ጠዋት ይህን ወረቀት ስጽፍ ደርሳ ምን ብለሽ ነው የምትጽፊላት ብላ ጠየቀችኝ። ሰላምታ ነው አልኳት። እሰይ፣ እንግዲያ እዚያ ስደርስ ታነብልኛለች፣ ስትጨርሺ ስጪኝ፣ ጡቴ ሥር እሸጉጠዋለሁ አለችኝ። ከእንግዲህ ማን ይጽፍልሽ ይሆን ብዬ ስቀልድ፣ ልጄ ጋ ከሆንኩ ለማን ላስጽፍ ብዬ አለችኝ። ልክ ናት፤ ለማን ታስጽፋለች? እኔ እዚህ እንደምቀር አልታሰባትም።

ልጆቹን ስማ ከጨረሰች በኋላ ወረቀቱን አውጥታ አንብቢልኝ ትልሻለች። ሰላምታ ብቻ ነው ብለሽ ብታጥፊው አታውቅም፤ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እኔን ረሺ ልጅ እያለች ትመርቀኛለች። እኔ ግን የምለምንሽ እንዳለ እንድታነቢላት ነው። አላስታውስም ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ።

አላህ መንገዷን ያቅናላት፣ ከልጆችሽ ጋር ያኑራት፤ ለአንቺም ዕድሜና አፊያ ይስጥሽ። ባለቤትሽንና ልጆቹን ሰላም በይልኝ። አንብበሽ ስትጨርሺ የምትለውን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ቃሉን ሳትለውጪ ጻፊልኝ። ዝም ካለችም ዝም አለች ብለሽ ጻፊልኝ።

አውፍ በይኝ፤
አብሮ አደግ እህትሽ